«26 ጎማ አለቀለት» ለምትሉ፦ ስለ አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ጥያቄና መልስ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች! ባለፈው ሳምንት ስለ አሮጌ ማውንቴን ሳይክል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ፣ አቦ ይመቻችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። በሙያዬ መካኒክ አይደለሁም። ግን የራሴን ባለ 26 ሳይክል ለ16 ዓመት ነድቻለሁ፣ ፈትቻለሁ፣ ገጥሜያለሁ። ቴላዮዋ (ዋናው አካሏ) ያው የጥንቱ ነው። ጎማዋ፣ ካቴናዋ፣ ኩሽኔታዋ ግን ስንቴ እንደተቀየረ አላስታውስም።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ድሮ የአዋቂ ማውንቴን ሁሉ ማለት ይቻላል ጎማው 26 ኢንች ነበር። አሁን አዲስ የሚወጡት አብዛኞቹ 27.5 ወይም 29 ናቸው። ጭንቀቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከሳቢያን፦ ለምንድነው የቀየሩት? 26 ምን ችግር ነበረበት?

26 መጀመሪያውኑ ተጠንቶ የተመረጠ መጠን አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወፍራም ጎማ ያለው ሳይክል አወጣ። ጎማው 26 ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ፣ ወጣቶች እነዚያን አሮጌ ሳይክሎች ተራራ ላይ እያወጡ ቁልቁል መንዳት ጀመሩ። በ1976 ውድድር አደረጉት። ወፍራምና ጠንካራ ጎማ የሚገኘው በዚያ መጠን ስለነበር 26 እንደዛው ቀረ። ልብ በሉ፣ ማውንቴን ሳይክል ራሱ የተወለደው ሰው የጣለውን አሮጌ ሳይክል ካነሱ ልጆች እጅ ነው።

ትልቅ ጎማ ጥቅም የለውም አልልም። ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ቀለል ብሎ ይሻገራል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የማውንቴን ውድድሩን ያሸነፈው የቼኩ ኩልሃቪ በ29 ነው። ሁለተኛ የወጣው የስዊሱ ኒኖ ሹርተር በ27.5 ነበር። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ተግተልትለው ዞሩ። ጃያንት ለ2014 አብዛኛውን ማውንቴኑን 27.5 አደረገ። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ 26 ከውድ ሳይክሎች ላይ ጠፋ።

ግን እነሱ የሚሽቀዳደሙት በሰከንድ ነው። ከከዚራ አሸዋ ገበያ ለመሄድ፣ ወይም እሁድ ጠዋት ወደ መልካ ጀብዱ ለመንሸራሸር፣ ያ ልዩነት ምንም አይደለም።

ከመጋላ፦ «26» የሚል ጎማ ገዝቼ አልገጥም አለኝ። ሻጩ ደግሞ «26 ነው» ብሎ አልመልስም አለ።

ይህንን ጥያቄ ሰባት ሰው ልኮልኛል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

26 የሚለው ቁጥር ስም ነው፣ ልኬት አይደለም። በዚህ ስም የሚሸጡ የተለያዩ ጎማዎች አሉ። የማውንቴኑ 26 በነጥብ ነው የሚጻፈው፦ 26 x 1.95፣ 26 x 2.10። ሌላ ደግሞ በክፍልፋይ የሚጻፍ አለ፦ 26 x 1 3/8። ይሄኛው የድሮ የከተማ ሳይክል ጎማ ነው። ስማቸው አንድ ነው እንጂ አይገናኙም።

የሚዋሸው የኢንቹ ቁጥር ነው። የማይዋሸው ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈው ነው። 50-559 ዓይነት ቁጥር ታያላችሁ። 50 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 559 ደግሞ ጎማው ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) ላይ የሚቀመጥበት ዙር ዲያሜትር ነው። የማውንቴን 26 ሁልጊዜ 559 ነው። ባለ ክፍልፋዩ 26 x 1 3/8 ግን 590 ነው። 31 ሚሊሜትር ይለያያሉ። 590ውን ጎማ 559 ቸርኬ ላይ ብታስገባው ይላላል፣ ንፋስ ስትሞላው ወልቆ ይወጣል። በተቃራኒው ደግሞ በጉልበትም አይገባም።

27.5 ማለት 584 ነው። የፈረንሳዮች የጥንት መጠን ነው፤ 650ቢ ይሉት ነበር። 29 ደግሞ 622 ነው፣ ማለትም የኮርሳ ሳይክሉ ቸርኬ ልክ። አዲስ መጠን አይደለም፣ ወፍራም ጎማ ለበሰ እንጂ።

ድሬ ውስጥ ታይዋንም ቀፊራም ገበያ ስትሄዱ «26 አለ?» አትበሉ። ጎማውን ተቀበሉና አገላብጣችሁ 559ን ፈልጉ። ካልተጻፈበት ወይም ከጠፋ የድሮውን ጎማ ይዛችሁ ሂዱና አነባብራችሁ ለኩ።

ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ፦ ባለ 26 ቴላዮዬ ላይ 27.5 ጎማ ብገጥም ይሆናል?

መጀመሪያ ፍሬንህን እይ። ፍሬንህ ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ከሆነ ተወው። በ559 እና በ584 መካከል 25 ሚሊሜትር አለ። ይህ በአንድ በኩል 12.5 ሚሊሜትር ነው። የፍሬኑ ጎማ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ ይህን ያህል አያወጣውም። ቸርኬውን ትቶ ታች ራጂውን (ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች) ይነካል።

የዲስክ ፍሬን ከሆነ ፍሬኑ የቸርኬ መጠን አያገባውም። ያኔ ጥያቄው ቦታ ነው። ጎማውን አስገብተህ አዙረው። ከላይም ከጎንም ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። ጭቃ የሚነካህ ከሆነ ከዚያ በላይ። የሞዞው (የጎማው እምብርት) ስፋትም ይመሳሰል፦ የአሮጌ ማውንቴን የኋላው አብዛኛውን ጊዜ 135 ሚሊሜትር ነው፣ የፊቱ 100። አዲሶቹ ሳይክሎች ላይ ከኋላ 148፣ ከፊት 110 የሚሉ አሉ። እነዚያ ያንተ ቴላዮ ውስጥ አይገቡም። ደግሞ ሳይክሉ በ12 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አጭር ከሆንክ ስትቆም እግርህ ላይ ይሰማሃል።

የእኔ ምክር? አትድከም። በዚያው ብር ጥሩ 559 ቸርኬና ጥሩ ጎማ ግዛ።

ከደቻቱ ማዶ፦ ታዲያ 26 እቃ ሊጠፋ አይደል? ምን ገዝቼ ላስቀምጥ?

ተራ ጎማና ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ቶሎ የሚጠፋ አይመስለኝም። በዓለም ላይ ያለው ባለ 26 ሳይክል ስፍር ቁጥር የለውም፣ ርካሽ ሳይክሎችም እስካሁን በዚያ ይሠራሉ። የሚያስቸግረው ጥሩው እቃ ነው። ግድግዳው ድርብ የሆነ ጠንካራ ቸርኬ፣ የሚሠራ ሾክ ያለው ፎርኬላ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ)። ቸርኬ ካገኘህ ያዝ። የራጂውን ቀዳዳ ግን ቁጠር። የሞዞህ 36 ከሆነ 36 ቀዳዳ፣ 32 ከሆነ 32።

ጎማ በብዛት አታከማች። ላስቲክ ቁጭ ብሎም ያረጃል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። አንድ ጥንድ ካስቀመጥክ ቆርቆሮው ስር አታንጠልጥል። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከፍሪጅ ሞተርና ከጄኔሬተር ራቅ አድርገህ። ሞተር የሚያወጣው ኦዞን ላስቲክ ይሰነጥቃል።

ከገንደ ቆሬ፦ ፀሐይ ላይ ያቆምኩት ሳይክል ጎማ ፈነዳ። ሙቀቱ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

በከፊል። ሒሳቡን እንሥራው። ጠዋት በ25 ዲግሪ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላህ እንበል። ጎማው ፀሐይ ላይ 50 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ የሚጨምረው 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ነው። ይህ ብቻውን ደህና ጎማ አያፈነዳም።

የሚያፈነዳው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የድሮ ጥጋን ማስቲሽ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ከመነዳሪው ሲገጠም በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይሆናል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። ቸርኬው ውስጥ የራጂውን ጭንቅላት የሚሸፍነው ፕላስቲክ በሙቀት ይላላል። ከመነዳሪው ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይቀደዳል። ቀዳዳው በውስጠኛው፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው። ፕላስቲኩን አውጥተህ በጨርቅ ፕላስተር ሁለት ዙር ጠቅልለው።

እሾህ ለምትጠይቁ ደግሞ፦ የድሮ ከመነዳሪ በቁመቱ ቆርጣችሁ ከአዲሱ በላይ፣ ጎማው ውስጥ አንጥፉ። ይከብዳል፣ ግን እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ንፋስ ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ ይበቃል። ጎሚስታው የመኪና ልማድ ሆኖበት እንዳያበዛባችሁ ቆማችሁ እዩ።

ከሐረር፦ ድሬ ወርጄ በደንገጎ ስመለስ በ26 ወይስ በ29 ይሻለኛል?

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር 1,900 ሊሞላ ነው። ደንገጎ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ ዳገቱ ቀልድ አይደለም።

ባለ 26 እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። 26 x 1.95 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2.05 ሜትር ይሄዳል። ባለ 29ኙ በ2.1 ጎማ 2.29 ሜትር። ማርሹ አንድ ዓይነት ከሆነ 26ቱ በአስር በመቶ ይቀልላል። አሮጌ ማውንቴን ከፊት ሦስት ባለ ጥርስ ክብ ብረት አለው፣ ትንሿ ብዙ ጊዜ ባለ 22 ጥርስ ናት። ከኋላ ባለ 34 ጥርስ ካለህ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 1.33 ሜትር ትሄዳለህ። ቀስ እያልክ ትወጣለህ። ከኋላ 28 ብቻ ከሆነ ጉልበትህ ያልቃል። ከኋላ ያለውን ብቻ ቀይር።

ቁልቁለቱን ነው የምፈራልህ። ቸርኬ የሚቆነጥጥ ፍሬን ቸርኬውን እየበላ ነው የሚሠራው። ከመውረድህ በፊት የቸርኬውን ጎን በጣትህ ዳብሰው። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ አትውረድበት፣ ይሰነጠቃል። ፍሬኑን ይዘህ አትቆይ። ጠበቅ አድርገህ ቀንስ፣ ልቀቅ፣ እንደገና። መሀል ላይ ቆመህ አቀዝቅዝ። ከኋላህ የሚመጣው ጫት የጫነ ኢሱዙ ነው። ቀኝህን ይዘህ አሳልፈው።

ከከዚራ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። አዲስ 29 ልግዛላት ወይስ የወንድሟን 26 ላሠራላት?

የወንድሟን አሠሪላት እህቴ። ለቁመቷ የሚሆነው እሱ ነው። 29 ላይ ስትቆም እግሯ መሬት ላይደርስ ይችላል። ሴላውን ዝቅ አድርጊላት፣ ፍሬኑን ራሷ ጣቷን ዘርግታ ትሞክረው። በተረፈው ብር ሄልሜት ግዢላት።

ከታይዋን ሰፈር፦ ቴላዮው ተሰንጥቋል። ይበየዳል?

ማግኔት ይዘህ ሂድ። ከያዘ ብረት ነው፣ ጥሩ በያጅ ያድነዋል። ካልያዘ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ከተበየደ በኋላ በእሳት ካልታከመ ጥንካሬው አይመለስም። መሪው አካባቢ ከሆነ ስንጥቁ፣ በፍጹም አትንዳው። እቃውን አውርደህ ሌላ ቴላዮ ላይ ግጠም።

ካቴና መቼ ይቀየራል?

ማስመሪያ ያዝ። ከአንድ ፒን ጀምረህ 24 ክፍል ቁጠር። አዲስ ካቴና ላይ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ከደረሰ ቀይረው። ዝም ካልከው ጥርሱንም ይዞት ይሄዳል። የድሬ አቧራ ደግሞ ዘይት ካገኘ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ዘይቱን ጠብ አድርግ፣ ከዚያ ጥርግ አድርገህ አድርቀው።

ሾኩ ሞቷል፣ አዲስ ፎርኬላ የት ይገኛል?

የአንገቱን ልክ ለካ። የአሮጌዎቹ አብዛኞቹ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ 28.6 ሚሊሜትር ናቸው። የአዲሶቹ ከታች ይወፍራሉ፣ አይገቡልህም። እኔ ሾኩን ትቼ ቀጥ ያለ የብረት ፎርኬላ ገጠምኩ። ቁመቱን ግን ከድሮው ጋር አመሳስሉ። በጣም ካጠረ ፊቷ ይደፋል፣ መሪዋም ይቅበጠበጣል።

ከለገሃር፣ አንድ አባት፦ የእኔ ማውንቴን አይደለም። የጥንት 28 ናት። 28 የሚል ጎማ ገዝቼ እንቢ አለ።

አባባ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ደስ አሰኝቶኛል። የእርስዎም ችግር ያው የስሙ ነው። የጥንቷ ባለ 28 x 1 1/2 ሳይክል 635 ናት። ዛሬ 28 ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው 622 ነው። በ13 ሚሊሜትር ይጠባል፣ ለዚህ ነው እንቢ ያለዎት። በጠፍጣፋ ብረት አያስገድዱት፣ የጎማው ሽቦ ይበጠሳል። ካልቆሸሸ ለሻጩ ይመልሱና 635 የሚለውን ይጠይቁ።

እሁድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይነሳ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እገኛለሁ። ሜትርና ቁልፍ እይዛለሁ። ሳይክሏን ይዘዋት ይምጡ፣ አብረን እንለካታለን።