«ዓሣ» ወይስ «አሳ»? ፊደል የሚያውቅ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ታፔላ እጽፋለሁ። ሰሞኑን ለአንድ ምግብ ቤት «የአሳ ጥብስ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ «ፊደል ሳታውቅ ነው እንዴ ብሩሽ የያዝከው?» ብለው አስፋቁኝ። ፊደል ያውቃል የሚባለው ለመሆኑ ማን ነው?

መልስ፦ ባለቤቱ ግማሽ እውነት አላቸው። በግእዝ ቃሉ «ዓሣ» ነው፤ በዓይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ።

ድሮ እነዚህ ፊደሎች የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ላይ ድምፁ ተደባለቀ፣ ፊደሉ ቀረ። «ፀሐይ»ን ይውሰዱ። ሁለቱ ጸ (ጸ፣ ፀ) በስድስቱ ሀ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሲባዙ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። ጆሮ አንዱንም ከሌላው አይለይም። የጎጃም የቅኔ ተማሪ የሚለየው የግእዙን ግስ ስላጠና ነው።

አንዳንዴ ልዩነቱ ቁም ነገር አለው። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ነው፤ «ምሥራቅም» ከዚያ መጣ። «ሰረቀ» ግን የሌባው ነው። እርስዎም ሙያዎን ሲጽፉ «ሠዓሊ» ይበሉ። «ሰአሊ» ካሉ እንደ ጸሎቱ «ለነ ቅድስት» (ቅድስት ሆይ፣ ለምኚልን) ብሎ የሚጨርስልዎ አይጠፋም።

ጉድ የሚሆነው የተማረ ለመምሰል ሲባል ነው። «ሰላም»ን በንጉሡ ሠ፣ «ጸሎት»ን በፀሐዩ ፀ የሚጽፍ ሞልቷል። ሁለቱም የግእዙን ሥር ይስታሉ። ያም ሆኖ አንባቢ አይቸገርም። «ቋንጣ»ን «ቁንጣ» ያለ ግን ድምፁን ራሱን አበላሸው፤ እኔ ስሕተት የምለው ይህን ነው። የእኛ የጎጃም አነጋገርም ያሳስታል። «አንች»፣ «ሂጅ» እንላለን፤ የአፋችን ነው፣ ማንም አያርመንም። በጽሑፍ የተለመደው ግን «አንቺ»፣ «ሂጂ» ነው።

እንግዲህ ለእኔ ፊደል አዋቂ ማለት መጀመሪያ ድምፁን የማይስት ነው። ቀጥሎም አንዱን ቃል ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አድርጎ የሚጽፍ። የግእዙን ሥር ካወቀ ደግሞ እሰየው። ሥሩንማ የጥንት የብራና ጸሐፊዎችም ይስቱት ነበር፤ ሠን በሰ ይለዋውጡ ነበር።

ለታፔላው «የዓሣ ጥብስ» ብለው ይጻፉላቸው። ከሥር የዓሣ ዱለቱን ሲጨምሩ ግን «አሣ» እንዳይሉ። «አሳ» ብሎ መጻፍም የተለመደ ስለሆነ፣ ለተፋቀው ቀለም ሒሳብ ቢጠይቁ አልፈርድብዎትም።