የድሮውን አሸዋ አደራ

ወንድሜ፣ ሦስት ዓመት የሞላውን 150 ሊትር የሪፍ አኳሪየሜን (ኮራልና የባሕር ዓሣ የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ) ወደ 400 ሊትር ላዛውር ነው፣ እንደ አዲስ ሳይክል ላድርገው ወይ፣ ማለትም የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣራው ባክቴሪያ እስኪራባ ልጠብቅ ወይ ብለሃል። አያስፈልግም። ባክቴሪያው በብዛት ያለው ድንጋዩ ላይ ነው። ድንጋዩ ሳይደርቅ ከተዛወረ አብሮ ይሄዳል። እኔም እዚህ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ስገባ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ስማኝ።

1. ውሃውን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት በጥብጠው። ጨዋማነቱ (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ሲመዘን) 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሳይሆን ዓሣ እንዳትነካ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በአርኦ ማጣሪያ (በውሃው የሟሟውን ሁሉ በስስ ሽፋን የሚያስቀር ነው) ጠብ ጠብ እያለ ሮቶዬን እስኪሞላ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የጨውን ነገርማ ተወው። ዕቃ የሚወጣበት ቢሮ ያለችው ሴትዮ «አፋር ጨው አልቆ ነው ከውጭ ያስመጣኸው?» ብላ ሳቀችብኝ። ኮራል አጽም የሚሠራው በካልሲየም ነው፣ የምግብ ጨው አይሆነውም ብዬ ሳስረዳ «ተራህን ጠብቅ!» አለችኝ። አራት ቀን አመላለሰችኝ።

2. አሸዋ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የቆየ አሸዋ ታችኛው ክፍል ኦክስጅን አይደርሰውም። ቆሻሻ ይጠራቀምበታል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝም ይፈጠርበታል። እኔ ቆጣቢው ግን «ባክቴሪያ ያለበትን ለምን እጥላለሁ» ብዬ በባልዲ እየዛቅኩ አዲሱ ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃው ቡና መሰለ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ባለቤቴ መስኮት እየከፈተች «ምን ሞቶ ነው?» አለች። ያኔ ገና ምንም አልሞተም ነበር።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ወደ ሩብ የሚጠጋ ያንሳል። በሞባይል መብራት ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ መልሼ ስደፋ አደርኩ። ሲነጋ ታንግ የሚባለው ቢጫው ዓሣ ሞቶ ተጋድሟል። ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያውን፣ ስለካ የመመርመሪያው ቀለም አረንጓዴ ሆነ፤ በዝቷል ማለት ነው። ከኮራሎቹ የተረፉት ዞአንተስ የሚባሉት ጠንካራዎቹ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ክላውንፊሽ የሚባሉት ዓሦች እንዴት እንደዳኑ እስካሁን ይገርመኛል።

ስለዚህ አንተ አሸዋው ሳይነካ በፊት ከላይ ያለውን ንጹሕ ውሃ በቱቦ ሳብ። ዓሣውን፣ ኮራሉንና ድንጋዩን በዚያው ውሃ በባልዲ አቆያቸው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳትይዝ እንዳትጀምር፤ መብራት ኃይልን አምነህ ምንም አትጀምርም። ከዚያ በደንብ የታጠበ አዲስ አሸዋ። አሞኒያ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ለካ።

3. ማቆሚያው። ውሃው ብቻውን ከ400 ኪሎ በላይ ነው፣ ሲበየድ አጠገቡ ቁም። የእኔን ብየዳ ሰውዬው ሁለቴ ነው የደገመው። አሁን ግን የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚገቡት እኔ ቤት ነው።

አዲስ አሸዋ ግማሽ ከረጢት ተርፎኛል፤ መጥተህ ውሰድ። የድሮውን ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ።