አሞሌ፣ አቃፊ ወይስ ማኅደር?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የፋይል ማኔጀሩን፣ ፋይሎች የሚታዩበትንና የሚደራጁበትን መስኮት፣ እንደሚመቻቸው አድርገው እንዲያዘጋጁ በአማርኛ የልምምድ ወረቀት ጻፍኩላቸው። ‹የመሳሪያ አሞሌውን ያብጁ፤ ከዚያ አዲስ አቃፊ ይፍጠሩ› የሚለው ጋ ሲደርሱ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ‹ቲቸር፣ ጨው እዚህ ምን አመጣው?› አሉኝ። አቃፊን ደግሞ አንዳቸውም አይሉትም፤ ፎልደር ነው የሚሉት። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት አባቴ ‹ዶሴ ነው እንጂ› ይላሉ። የቱን ልጻፍ? ‹ማበጀት›ስ ‹ማስተካከል› ቢባል አይሻልም?»

መልስ፦ አሞሌን እባክዎ አይንኩብኝ። ተማሪዎችዎ የሳቁበት ቃል ከወረቀቱ ሁሉ ደህናው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ያልሳቁበት ነው፤ አቃፊ።

አሞሌ ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቃሉ። ባያውቁ አይስቁም ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከጨው ሜዳው ላይ ተፈንቅሎ፣ ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው የጨው ቁራጭ ነው። ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ የቀና። ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት ፖርቱጋሎች ሰው በጨው ሲገበያይ አይተው ጽፈዋል። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከገባ በኋላም ብሩ ለትልቁ ግዢ፣ አሞሌው ለዝርዝሩ እየሆነ አብረው ኖረዋል። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ሳንቲም፣ መሐለቁን፣ ታስቀርጽ ነበር። እኛ ምሥራቆቹ ዘንድ ከአሞሌ ገንዘብነቱ ሳይሆን ጨውነቱ ቀድሞ ትዝ የሚለን ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን የፋይል ማኔጀሩን መስኮት ይክፈቱ። ከላይ የመመለሻው ቀስት፣ የፍለጋው ምልክት፣ የአቀራረብ መቀየሪያው የተደረደሩበትን የመሣሪያ አሞሌ ይመልከቱ። ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ የቀና ነገር ነው። በግራ በኩል ሌላ አለ፤ የጎን አሞሌ። ከታች ደግሞ ስንት ፋይል እንደተመረጠ የሚናገረው የሁኔታ አሞሌ። እንግሊዝኛው «ባር» ሲል የሳሙናውን፣ የወርቁን ድፍን ቁራጭ በሚጠራበት ቃል ነው የጠራው። ይህን አይቶ አሞሌን ያነሳው ሰው እጁ ይባረክ። ዓይኑ ቅርጹን አየ፤ ከቤቱ ዕቃ መካከል የሚመስለውን አወጣ። ቃል እንዲህ ሲወለድ ደስ ይለኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማሙም። ዘመናዊ ነገር በጨው ስም መጠራቱ ክብር ይነሳዋል፣ «ሰሌዳ» ይሻላል ባይ ናቸው። ፈረንጆቹ እጃቸው ሥር ያለውን ዕቃ አይጥ ብለው ሲጠሩት ምን ክብር ጎደለባቸው? ደግሞ ሰሌዳ ሰፊ ነው፤ የሚጻፍበት ነው። ወደ ግእዝ የገባውም ከግሪክ ነው፤ እዚያ የመጽሐፍ ገጽ ማለት ነበር። ቁልፎቹ የተደረደሩበትን «የቁልፍ ሰሌዳ» ብለነዋል፤ ሰፊ ስለሆነ ያምርበታል። ቀጭኑን ነገር ግን ሰሌዳ ማለት ቀበቶን ምንጣፍ እንደማለት ነው።

ወደ አቃፊ ልምጣ። ግሡ አቀፈ ነው፤ ግእዙ ሐቀፈ። እናት ልጇን ታቅፋለች፤ ዶሮ እንቁላሏን ትታቀፋለች። በሁለቱም ውስጥ ክንድ ወይም ክንፍ አለ፤ ሙቀት አለ። አቃፊ የአድራጊ ቅጽ ነው። ጸሐፊ፣ ጠባቂ፣ ሰባኪ፣ አራሽ የምንለው ዓይነት ነው። አማርኛ ዕቃ የሚገባበትን ነገር ሲሰይም በዚህ በር አይወጣም። በ«መ» በር ነው የሚወጣው፤ ማስቀመጫ፣ መያዣ፣ ማደሪያ። መዝገብም ከዚህ ወገን ነው። ግእዙ ዘገበ «አከማቸ» ነው፤ መዝገብ የተከማቸበት ቦታ፣ ግምጃ ቤት ነበር። በኋላ «መ» ከሥሩ ጋር ተዋሐደና መዘገበ የሚል ሌላ ግሥ ወለደ። ስለዚህ ከአቀፈ መነሳት ግድ ከሆነ «ማቀፊያ» መባል ነበረበት። ማተሚያውን «አታሚ» ያሉትም የሠሩት ያንኑ ስሕተት ነው። አታሚ ሰው ነው፤ ማሽኑ ማተሚያ ነው።

«ጠቋሚ ጣት እንል የለም ወይ? እሱስ የአድራጊ ቅጽ አይደለም?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ሰው ያልሆነ ነገር በአድራጊ ቅጽ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሕግ አድርጌ ልከራከርበት አልችልም። ጣቱ ግን ይጠቁማል። መስኮቱ ላይ ያለው ቢጫ ምስል ማንንም ሲያቅፍ አላየሁም። በዚያ ላይ ቃሉን ፖለቲካው ወስዶታል። «አቃፊ መንግሥት»፣ «አቃፊ አመራር» በየዜናው የምንሰማው ነው። ተማሪ «አዲስ አቃፊ ፍጠር» ሲባል ምን ዓይኑ ላይ ይምጣ?

አባትዎ ያሉት ዶሴ በጣም ደስ ብሎኛል። ፈረንሳይኛ ነው። «ዶ» ጀርባ ማለት ነው፤ ዶሴም ስሙን ያገኘው በጀርባው ላይ ከሚጻፍበት ምልክት ነው። ድሬዳዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የምድር ባቡር ቢሮ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ለገሃርም፣ ቢሮም፣ ዶሴም በዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ዛሬ ኮምፒውተርዎን ፈረንሳይኛ ቢያደርጉት ፎልደሩ ላይ የሚነበበው ስም ዶሴ ነው። አባትዎ ከሁላችን ቀድመው አግኝተውታል። የሚያሳዝነው ዶሴ በእኛ አማርኛ የክስ ሽታ መያዙ ነው። ዶሴ ይከፈታል፣ ዶሴ ይዘጋል፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይከተለዋል። የሠርግ ፎቶ ዶሴ ውስጥ ቢቀመጥ ሰው ቅር ይለዋል።

እዚህ ላይ ለክፍልዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። «ፋይል» በላቲን ክር ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ወረቀት በክር ተሰክቶ ይቀመጥ ስለነበር። ከግእዙ ፈትል ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ድምፁ ተገጣጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ወደ ቢሯችን ሲገባ ግን ፋይል ሽፋኑን ሆነ። መዝገብ ቤት ሄደው «ፋይሌን አውጣልኝ» ሲሉ ሰውየው አንድ ወረቀት አያመጣም። ሃያ ወረቀት የታጨቀበት፣ ጠርዙ ያለቀ ካርቶን ነው የሚያመጣው። ኮምፒውተሩ ደግሞ በተቃራኒው አንዷን ወረቀት ፋይል፣ ሽፋኑን ፎልደር አለ። ስለዚህ በወረቀት የኖሩ ሠራተኞች ሲማሩ የሚደናገሩት እዚህ ጋ ነው። አእምሯቸው አልከበደም፤ ቃሉ ነው የተገለበጠባቸው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው።

የሽፋኑ ምስል ስክሪን ላይ የወጣው ዜሮክስ በ1981 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ስታር በሚባለው ኮምፒውተር ነው። የአሜሪካ ቢሮ ካርቶን ሥዕል ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 95 ሲመጣ «ዳይሬክተሪ» የሚለውን ትቶ ፎልደር አለ፤ እኛም ጋ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ ከጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ዕቃ አንስተው ሳሉ። እኛስ ከግድግዳችን ላይ የምናወርደው የለንም?

አለን። ማኅደር አለን። ኀደረ፣ በአማርኛው አደረ፣ ማኅደር ማደሪያ። ግን ማደሪያ ብቻ አይደለም። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ስሙ ማኅደር ነው። በእጄ ይዤው አውቃለሁ። ቆዳው ደርቆ እንጨት ሆኗል፤ ክዳኑ ሲገለጥ ይንጫጫል። ሁለት ጠፍር ማንገቻ አለው፤ አንዱ በተበጠሰበት በሲባጎ ተቋጥሯል። መጽሐፉ በልኩ ስለተሰፋለት ሲገባ ትንሽ ይታገላል፤ ከገባ በኋላ ግን አይነቃነቅም። በመንገድ ተነግቶ ይሄዳል፤ ቤት ሲደርስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዛሬም ብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ሰነድ «የግል ማኅደር» ይለዋል። ስለዚህ ቃሉ ከመዝገብ ቤት አልወጣም።

«የቤተ ክህነት ቃል ነው» የሚል ይኖራል። ቃሉ አዎ፤ ዕቃው ግን የሁላችንም ነው። ሐረር ቁርኣን ሲጻፍባትና ሲጠረዝባት የኖረች ከተማ ናት። ጀጎል ውስጥ ሸሪፍ ሙዚየም ገብተው ጥራዞቹን ይዩ። ድጉሱን (በቆዳው ላይ የተቀረጸውን ጌጥ)፣ ክዳኑን ይዩ። መጽሐፍ በቆዳ አልብሶ መጠበቅ ከአንድ ሃይማኖት ደጅ የወጣ ልማድ አይደለም። ደግሞ «ዕልባት»ን አስቡት። ገጽ ለማስታወስ ከብራናው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ክር ነበር። አሁን የጎን አሞሌው ላይ ለተሰካ ፎልደርም፣ ለድረ ገጽም ዕልባት እንላለን፤ ማንም አልሳቀ። ማኅደር ከዕልባት በምን ያንሳል?

ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ወረቀትዎ ላይ ማኅደር ይጻፉ አልልም። ስክሪኑ ላይ የሚያነቡት «አዲስ አቃፊ» ነው። ተማሪ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አይቶ ማሽኑ ላይ ሌላ ሲያጋጥመው ይጠፋል፤ ከእኔ ምርጫ የእሱ መንገድ ማግኘት ይበልጣል። አቃፊ ገብቷል። በስልኩም በኮምፒውተሩም ገብቷል። አፋቸው ላይ ያለው ደግሞ ፎልደር ነው፤ አፍን በወረቀት ማረም አይቻልም። «አቃፊ (ፎልደር)» ብለው አንዴ ይጻፉና ይቀጥሉ። በራሴ ጽሑፍ ግን ማኅደርን አልተውም።

ማበጀት ወይስ ማስተካከል? ማስተካከል የእኩልና የትክክል ወገን ነው። ያጋደለ ነገር ሲኖር ነው የሚስተካከለው። ተማሪው የፎልደር ምስሎቹን ሲያተልቅ፣ በዝርዝር አቀራረቡ ላይ የዓምዱን ርእስ በቀኝ ጠቅ አድርጎ «መጠን» የሚለውን ሲጨምር፣ «ዓይነት» የሚለውን ሲያጠፋ፣ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ለራሱ እንዲበጀው ነው ያደረገው። ስለዚህ ግሡ አበጀ ነው። ስንመርቅ አበጀህ፣ አበጀሽ የምንልበት። እኔን ቢጠይቁኝ «ማበጃጀት» ባልኩት። ሙሽራ ትበጃጃለች፤ ቤት ለእንግዳ ይበጃጃል። ነገሩን ከመሠረቱ መሥራት አይደለም። እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጎ ማሳመር ነው፤ ፋይል ማኔጀር ላይ የምናደርገውም ይኸው ነው።

«ብጁ» (ካስተም) የሚለውን ቅጽል ግን ለረጅም ጊዜ ተቃውሜዋለሁ። ንቁ ከነቃ፣ ብቁ ከበቃ ነው የወጡት። ንቁ የነቃ እንጂ ሌላ ያነቃው አይደለም። በዚሁ ልክ ብጁ «የሚበጅ» እንጂ «የተበጀ» ሊሆን አይችልም። አሁንም ስሌቴ ትክክል ነው። ግን ሰው ለራሱ ያበጀው ነገር ለእሱ የሚበጅ ነው፤ ቃሉም በየቅንብሩ ተሰራጭቷል። በዚህ ተረትቻለሁ።

የመጨረሻው እርማቴ ፊደል ነው። «መሳሪያ» ብለው ጽፈዋል፤ ከሠራ የወጣ ስለሆነ «መሣሪያ» ነው። ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው የሚሉ አሉ። ኮምፒውተሩ ይመልስላቸው። የፎቶ ፎልደሮቼን በስም ተራ ደርድሬያቸው ነበር። አንዱን በጥድፊያ «ሀረር»፣ ሌላውን «ሐረር» ብያቸው ኖሯል። መስኮቱን ስከፍት መጀመሪያ ሀረር መጣ፣ ቀጥሎ ለገሃር፣ ከዚያ ሐረር። በአንድ ከተማ መካከል የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ገባበት። ማሽኑ አልተሳሳተም። የሀ ለ ሐ መን ተራ ጠብቋል።

ለአባትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አንድ ነገርም ይጠይቁልኝ፤ ዶሴዎቹ የሚቆሙበትን መደርደሪያ፣ ጀርባው ላይ የሚለጠፈውንም ወረቀት፣ ምድር ባቡር ቢሮ ውስጥ ምን ይሏቸው ነበር? ከነገሩዎት ይጻፉልኝ።