ታሪኩን አሳንሱላቸው፦ አጭር ልቦለድ ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን አጭር ልቦለድ ልታስጽፉ ስትዘጋጁ ብዙዎቻችሁን የሚያሰጋችሁ ልጆቹ የሚጽፉትን ማጣታቸው ነው። አያጡም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጠለፋ፣ ጦርነት፣ የጠፋ ወንድም፣ የባሕር ማዶ ጉዞና ሠርግ በሁለት የደብተር ገጽ ለመጨረስ ወደኋላ አይልም። ታሪኩን የሚያበላሸውም ይኸው ብዛት ነው። ስለዚህ በዕቅድ ጊዜ ዋና ሥራችሁ የልጁን ሐሳብ ማሳነስ ነው።

ልኩን ገና ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ለመጀመሪያ ታሪክ ከ300 እስከ 500 ቃላት፣ ሁለት ቢበዛ ሦስት ገጸ ባሕርያት፣ አንድ ወይም ሁለት ቦታ፣ ከአንድ ቀን ያልበለጠ ጊዜ ይበቃል። አንዳንድ ባልደረቦቻችሁ ይህ የልጅን ምናብ ማሰር ነው ይሏችኋል፤ እኔ አይመስለኝም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ አጭር ልቦለድ ሲጽፍ፣ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ የሚያልቅና ሁሉ ነገሩ ወደ አንድ ስሜት የሚያመራ መሆን እንዳለበት ተከራክሯል። ሃያ ዓመት የሚፈጅ ታሪክ በ400 ቃላት ሲጻፍ ስሜት የሚያድርበት ቦታ አያገኝም፤ የድርጊት ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

የምትሰጡት ርእስም ለዚህ መብዛት በር ይከፍታል። «ጓደኝነት» ወይም «ሐቀኝነት» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ብትጽፉ የምትሰበስቡት ድርሰት ነው፤ ልጁ ስለ ጓደኝነት ጥቅም ይዘረዝርላችኋል። ጭብጥን ርእስ አድርጋችሁ አትስጡ። በእጅ የሚያዝ ነገርና ትንሽ ችግር ስጡ፦ በስህተት የተወሰደ ቦርሳ፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሳይፈቀድ የተወሰደ የእጅ ሰዓት።

ዕቅድ ከማስጻፋችሁ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ስጡ። ከአንድ ገጽ ተኩል የማይበልጥ ታሪክ አንብቡላቸውና ዕቅዱን ወደኋላ እንዲያወጡ አድርጉ፤ ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ግማሽ ገጽ ላይ አስፍሮት ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? ይህን ያላደረገ ክፍል የዕቅድ ቅጽ ሲሰጠው እንደ ፈተና ጥያቄ ይሞላዋል፤ «ገጸ ባሕርይ፦ አበበ። መቼት፦ ጠዋት። ግጭት፦ ተጣሉ።» ቃላቱን ያውቃቸዋል፣ ለምን እንደሚያገለግሉት ግን አያውቅም።

ለዕቅዱ አምስት ጥያቄ ይበቃል። ማን ነው? ምን ፈለገ? ምን ከለከለው? ምን ምን ሞከረ? በመጨረሻ ምን ተለወጠ? መልሱ ግማሽ ገጽ ይሁን፤ ሙሉ ገጽ ከፈቀዳችሁ ልጁ ታሪኩን እዚያው ጽፎ ይጨርስና ረቂቁ ላይ ይሰለቻል። ሁለተኛውን ጥያቄ አጥብቃችሁ ያዙ። «ደስተኛ መሆን ፈለገ» ተቀባይነት የለውም፤ ደስታ ሲመጣም ሲቀርም በዓይን አይታይም። «የእህቱን ሰዓት ከመምጣቷ በፊት መመለስ ፈለገ» ግን ይታያል፤ ወይ መለሰ፣ ወይ አልመለሰም።

ይህንኑ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ አብራችኋቸው ብትሠሩት እንዲህ ይሆናል። ናሆም የ12 ዓመት ልጅ ነው። የእህቱን ሰዓት ሳያስፈቅድ አስሮ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ሰዓቱ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሳታውቅበት ሊመልሰው ፈለገ። ስለዚህ ገልብጦ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠው። ነገር ግን እህቱ በማግስቱ ፈተና ስላለባት ሰዓቱን ያን ምሽት ፈለገችው፤ ስንጥቁንም አየች። ስለዚህ ናሆም ትንሹን ወንድሙን ጠቆመ። ነገር ግን ወንድሙ ሲቆጡት ራሱን አልተከላከለም፤ ናሆምን ብቻ አየው። እዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀምጡና ክፍሉን «አሁንስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መስመሮቹ የተያያዙት በ«ስለዚህ» እና በ«ነገር ግን» መሆኑን አስተውላችኋል። ለልጆች ሴራን፣ ማለትም አንዱ ድርጊት ሌላውን እንዴት እንደሚያመጣ፣ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም። ተማሪው በዕቅዱ መስመሮች መካከል ከሁለቱ አንዱን ያስገባ፤ የሚገጥመው «ከዚያ» ብቻ ከሆነ፣ ያ መስመር ታሪኩን አያንቀሳቅሰውምና ይሰረዝ። ናሆም በእረፍት ሰዓት ኳስ ተጫወተ፣ ከዚያ ምሳ በላ፣ ከዚያ ሒሳብ ተማረ የሚለው ሁሉ በዚህ ወንፊት ተጣርቶ ይወጣል፤ ሰዓቱ የወደቀው በኳሱ ጨዋታ ከሆነ ግን ኳሱ ታሪኩ ውስጥ ይቆያል።

መጨረሻው በዕቅዱ ላይ ባዶ ሆኖ እንዲቀር አትፍቀዱ። «ስጽፍ ይመጣልኛል» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣለት ሕልም ነው። «ከእንቅልፌ ባነንኩ» የሚለውን ማብቂያ ሲጠቀም ሰነፍ አትበሉት፤ የከፈተው ችግር ስለበዛበት መውጫ አጥቷል። የሁሉም ሰው ሞትና ከውጭ አዲስ ሰዓት ይዞ የሚመጣ አጎትም የዚሁ ወንድሞች ናቸው። ለክፍሉ አንድ ደንብ አስቀምጡ፦ ዕድል ችግሩን ሊጀምረው ይችላል፣ ሊፈታው ግን አይችልም። መፍትሔው፣ ወይም ውድቀቱ፣ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ድርጊት ይምጣ። «ናሆም ውሸት መጥፎ መሆኑን ተማረ» ብሎ መዝጋትም አያስፈልግም፤ ናሆም ወንድሙ ፊት «እኔ ነኝ» ካለ አንባቢው ቀሪውን ያውቀዋል።

የእያንዳንዱን ዕቅድ ማየት አለባችሁ፤ ግን 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብትሰጡ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አይበቃችሁም። ስለዚህ ሁለት መስመር ብቻ ተመልከቱ፦ ፍላጎቱንና መጨረሻውን። እናንተ ስትዞሩ እነሱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታሪኩን በቃል ይተራረኩ፤ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ጥንዱን ቀይረው አንድ ጊዜ ደግሞ። ሁለተኛው ትረካ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል። ጽሕፈት የሚከብደው ልጅ ከዚህ ብዙ ይጠቀማል፤ ተጨማሪ እገዛ ካስፈለገው ሦስት ሣጥን ሥሎ መነሻውን፣ ጡዘቱን (ችግሩ የሚከርበትን) እና ልቀቱን (የሚፈታበትን) በሥዕል ያስቀምጥ።

ረቂቁ በክፍል ውስጥ ይጻፍ፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡት። የብዙ መምህር ስህተት ዕቅዱን በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አጣድፎ ጽሕፈቱን የቤት ሥራ ማድረግ ነው፤ ያኔ የምታርሙት የታላቅ ወንድምን ታሪክ ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር እየዘለሉ ይጻፉ፤ ባዶው መስመር ለክለሳ ነው። በዚህ ሰዓት ስለ ፊደል ግድፈት አትናገሩ። ብዕሩ የቆመበት ልጅ ካያችሁ «ቀጥል» ከማለት ይልቅ «አሁን የት ቆሟል? እጁ ላይ ምን አለ? ማን እያየው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

አጀማመር ላይ የሚታየው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ገጸ ባሕርይውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ፣ አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶ ችግሩ ጋ ሲደርስ ገጹ አልቋል። ችግሩ እስከ አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ድረስ ይታይ። በ400 ቃላት ታሪክ ውስጥ ለመነሻው 80 ያህል፣ ለመጨረሻውም 80 ያህል ከተሰጠ ቀሪው ለመካከሉ ይተርፋል።

የቋንቋችን ጠባይም እዚህ ላይ ያግዛል፣ ያሳስታልም። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሰዓቱን አስሮ ወጣ» የሚለው ሰንሰለት የማያስፈልገውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሻግራል። ልጆች ግን ዋናውንም ቅጽበት በዚሁ ይጽፉታል፦ «ሰዓቱ ወድቆ ተሰንጥቆ አይቶ ደንግጦ ኪሱ ከተተው።» የወደቀው ማን፣ የደነገጠው ማን? ሰንሰለቱን አስበጥሷቸው። «ማሰሪያው ተፈታ። ሰዓቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ናሆም ወዲያው አላነሳውም። መጀመሪያ ያየው ሰው መኖሩን ለማወቅ ዙሪያውን ቃኘ።» ለፈጣኑ ሰንሰለት፣ ለከባዱ አጫጭር ዓረፍተ ነገር።

በምልልስ ላይ፣ ተናጋሪ በተለወጠ ቁጥር አዲስ መስመር፣ ንግግሩም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ። «አለ» እና «አለች» የተናጋሪውን ጾታ ስለሚነግሩን፣ ወንድና ሴት ሲነጋገሩ ስም መደጋገም አያስፈልግም፤ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ግን ስም ካልተጠራ አንባቢው ይጠፋል። አንጻርም፣ ማለትም ታሪኩን የሚተርከው ማን እንደሆነ፣ ይንሸራተታል። «ናሆም ሰዓቱን ደበቀው። ከዚያ ወደ ክፍል ገባሁ።» ልጁ ታሪኩ ሲሞቅበት ራሱ ናሆም ይሆናል፤ አትሳቁበት። የግሶቹን መጨረሻ አስምሮ «እኔ» ወይም «እሱ» መሆናቸውን ይፈትሽ።

ክለሳንና የፊደል እርማትን በአንድ ቀን አትሥሩ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልጁ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ብቻ አስተካክሎ ያንኑ ታሪክ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ጥንዱ ጮክ ብሎ ያንብብለትና ሦስት ነገር ይንገረው፦ ገጸ ባሕርይው የፈለገው ምን እንደመሰለው፣ የት ላይ ግራ እንደገባው፣ የት ላይ ተጨማሪ ማወቅ እንደፈለገ። «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ይሁን። ከዚያ ጸሐፊው አንድ ቦታ መርጦ ቢያንስ አራት ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ ሁለት ይቀንስ። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይደርሳል።

ከ20 ነጥብ ስታርሙ ለዕቅዱ 4፣ ለድርጊቱ ትስስር 6፣ ለገጸ ባሕርይና ምልልስ 4፣ ለክለሳው 4፣ ለፊደልና ሥርዓተ ነጥብ 2 ብታደርጉ ልጁ ጉልበቱን የት ማዋል እንዳለበት ያውቃል። ዕቅዱና ረቂቁ ከንጹሑ ቅጂ ጋር ተያይዘው ይምጡ፤ አለበለዚያ የክለሳውን ነጥብ በግምት ትሰጣላችሁ። አስተያየታችሁም ሁለት መስመር ይሁን፦ የሠራለትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱለት፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «በደንብ ግለጽ» ከምትሉት «ናሆም ሲጠቁመው ወንድሙ እጁ ላይ ምን ይዞ ነበር?» ብትሉት የሚጽፈው ነገር ያገኛል።

ንባቡ፣ ዕቅዱ፣ የቃል ትረካው፣ ሁለቱ የጽሕፈት ጊዜዎች፣ ክለሳውና ንጹሑ ቅጂ ሰባት ክፍለ ጊዜ ይወስዳሉ። ሁለተኛውን ታሪክ ብዙ ሳትዘገዩ በዚያው ቅጽ አስጽፉ፤ ከልኮቹ ግን አንዱን ብቻ አላሉ፤ ወይ አንድ ገጸ ባሕርይ ጨምሩ፣ ወይ ጊዜውን ሁለት ቀን አድርጉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያላላችሁ ጊዜ ያ ሠርግና የባሕር ማዶ ጉዞ ይመለሳል።