ጥጆቹን የሚያስላቸው ብርዱ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ ብርዱ ከገባ ወዲህ ጥጆቼን ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል። በረቱን ግጥም አድርጌ ዘግቻለሁ፤ እሳትም አነድላቸዋለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት እኔንም ዓይኔን ያቃጥለኛል። ምን መድኃኒት ልስጣቸው?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ ዓይንዎን የሚያቃጥልዎት ነገር ነው። እርስዎ በር ላይ ለአፍታ ያገኙትን አየር ጥጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲስቡት ነው ያደሩት። ከሽንትና ከእበት የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ከጭሱ ጋር ታፍኖ ሳንባቸውን እየጎዳው ይመስለኛል።

ብርዱም እጁ አለበት። ቀዝቃዛ አየር ከመተንፈሻ ቱቦ ቆሻሻ ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዘገማቸዋል። አሞኒያው ደግሞ እነዚያኑ ይጎዳል። ታዲያ ጭሱም ጀርሙም ወደ ሳንባ ይወርዳል። እዚያ ማክሮፋጅ የሚባሉ ተከላካይ ሴሎች አሉ፤ የገባውን ጀርም ውጠው ያጠፋሉ። የጭስ ብናኝ ሲበዛባቸው ግን አቅማቸው ይዳከማል። በጤናማ ጥጃ አፍንጫ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖረው ፓስቱሬላ የሚባል ጀርም ይህን ጊዜ ወርዶ የሳንባ ምች ያመጣል።

እሳቱን ዛሬውኑ ከበረቱ ያውጡት። ከዚያ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ክፍተት ይክፈቱ። ታችኛውን እንደተደፈነ ይተዉት፤ ነፋስ ጥጃው ላይ በቀጥታ መምታት የለበትም። «ታዲያ አይበርዳቸውም?» ይሉኝ ይሆናል። የሚያሞቃቸው ደረቅ ጉዝጓዝ ነው። እርጥቡን ጠርገው ያውጡና ደረቅ ገለባ ወፈር አድርገው ይጎዝጉዙ። ጥጃው ሲተኛ እግሮቹ ገለባው ውስጥ ገብተው ካልታዩ በቂ ነው። በየቀኑ ይንበርከኩበት፤ ጉልበትዎ ከረጠበ ይቀይሩት። እንደተንበረከኩ አየሩንም ያሽትቱት። አሞኒያው የሚነሳው ከወለሉ ስለሆነ፣ ቆመው ያልሸተተዎት ጥጃው አፍንጫ ጋ ሊበረታ ይችላል።

ብርድ በመጣ ቁጥር ቀዳዳው ሁሉ በጆንያ ሲደፈን አያለሁ። ለከብቱ ከማሰብ የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን እባካችሁ ተዉት፤ ጥጃን ከደረቅ ብርድ ይልቅ እርጥብና የታፈነ አየር ይጎዳዋል።

ወተቱንም ጨመር ያድርጉላቸው፤ ብርዱን የሚቋቋሙት በእሱ ጉልበት ነው።

ትኩሳቱ ከ39.5 ዲግሪ ያለፈ፣ ተኝቶም የሚያለከልክ ወይም መጥባት የተወ ጥጃ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ይየው። በግምት አንቲባዮቲክ አይውጉት። ሐኪሙ እስኪደርስ ከሌሎቹ ለይተው፣ ንጹሕ አየር ባለበት ደረቅ ገለባ ላይ ያቆዩት።