ሐሞት ከረጢቴ ከወጣ በኋላ ቱቦው ለምን ሰፋ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 46 ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በጠጠር ምክንያት ሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ስነሣ «የሐሞት ቱቦ 9 ሚሊ ሜትር፣ ሰፍቷል» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። ሕመም የለኝም፤ ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ ስበላ ግን ተቅማጥ ያዘኝ። ጎረቤቶቼ «ሐሞት የሌለው ሰው ቅባት አይስማማውም» ስላሉኝ ቅቤን እርም ብያለሁ። ቱቦዬ ተበላሽቶ ይሆን?
የአራት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ የወጣልዎት ከረጢቱ እንጂ ሐሞቱ አይደለም። ሐሞት የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር። ከረጢቱ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል እያጠራቀመ፣ ውሃውን መጥጦ እያወፈረ፣ ቅባት ሲመጣ ተኮማትሮ ይለቀው ነበር። አሁን ሐሞቱ ከጉበት በቱቦው በኩል በቀጥታ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። በቱቦው ጫፍ የሚከፈትና የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ፤ ጣሊያናዊው ሩጀሮ ኦዲ ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ቀለበቱ ሲዘጋ ትርፉን ይቀበል የነበረው ከረጢት ስለሌለ ቱቦው ራሱ ሊሰፋ ይችላል። ከረጢቱ ባለበት ሰው ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በወጣለት ሰው ግን ያለ ምንም በሽታ እስከ 10 ሊደርስ ይችላል።

እኔን የሚያሳዝነኝ «ሰፍቷል» የሚል ወረቀት ብቻ አስይዞ ሰውን ወደ ቤቱ መስደድ ነው። ይህ ቁጥር ከደም ምርመራ ተነጥሎ አይነበብም። ሐሞት በደንብ መውረዱን የሚጠቁሙትን ቢሊሩቢንና አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባሉ የደም ምርመራዎች ያድርጉ። እነርሱ ደህና ከሆኑና ሕመም ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከፍ ካሉ ግን በቱቦው ውስጥ የቀረ ጠጠር ወይም ጥበት እንዳለ ለማየት ኤምአርአይ ይታዘዛል። ወደፊትም አልትራሳውንድ ሲነሡ ከረጢቱ መውጣቱን አስቀድመው ይናገሩ።

ቅቤውን እርም አይበሉ። ከሁለት ወር ገደማ ጾም በኋላ ቅቤ የበዛበት ወጥ በአንድ ገበታ መብላት ከረጢት ያለውንም ሰው ያውካል። ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጀምሩ። ተቅማጡ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ወደ ትልቁ አንጀት ያለፈውን ሐሞት የሚይዝ ኮሌስታይራሚን የሚባል መድኃኒት ስላለ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ዐይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራዎ ከነጣ፣ ወይም በቀኝ ጎድንዎ ሥር ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ ግን በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ለሕመሙ ኮዴይን ያለበትን ማስታገሻ በራስዎ አይውሰዱ፤ ያን የጡንቻ ቀለበት ይበልጥ ያጠብቀዋል።