ዶክትሬት በፌሎሺፕ፦ የቱሉ ዲምቱ ልጆች ጥያቄ

ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ስለ ዶክትሬት ፌሎሺፕ፣ ማለትም የትምህርቱንና የኑሮውን ወጪ ስለሚሸፍን ድጋፍ አወራን። እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቴን የጨረስኩት በፌሎሺፕ ነው። ጥያቄዎቹ ለሌላም ሰው ይጠቅማሉ ብዬ ጻፍኳቸው።

ዶክተር፣ ማስተርሴን በኬሚስትሪ ጨርሻለሁ። ጂፒኤዬ 3.4 ነው። ተስፋ አለኝ?

አለህ እንጂ! ትልቁ ሥራ አድቫይዘር፣ ማለትም ምርምርህን የሚመራ ፕሮፌሰር ማግኘት ነው። እኔ መጀመሪያ ለ40 ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላክሁ። አንድም መልስ አልመጣም። ኋላ ላይ የአንዷን ፕሮፌሰር የምርምር ጽሑፍ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አማርኛ የሚያነበው የኮምፒውተር ፕሮግራሟ «አልመጣችላቸውም» የሚለውን ቃል ጭራሽ አያውቀውም። እኛ በአንድ ቃል ማን እንዳልመጣች፣ ለእነማን እንዳልመጣች እንናገራለን፤ ማሽኑ ግን ሙሉውን እንደ አንድ እንግዳ ቃል ያየዋል። ይህንኑ በስድስት መስመር ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን «እንነጋገር» አለችኝ። አንተም የአንድ ሰው ሥራ አንብብና ከራስህ ቴሲስ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አሳየው።

ደመወዝ አለው?

እንደ አገሩ ነው። ስዊድንና ኖርዌይ የዶክትሬት ተማሪ ተቀጣሪ ነው፤ ቦታው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል። ጀርመንም ብዙ ቦታ በቅጥር ነው። እዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ብዙ ጊዜ ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ግን ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ የተለመደ ነው፤ ሥራው ግን የሙሉ ቀን ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ግን ውሉን ከመፈረምህ በፊት እወቀው።

ትንሽ ልጅ አለችኝ። አራት ዓመት ጥያት መሄድ አልችልም።

ሳንድዊች የሚባለውን ፈልጊ። እዚህ ተመዝግበሽ ለጥቂት ወራት እየሄድሽ ትመለሻለሽ። ኦደብሊውኤስዲ (OWSD) የሚባለው ዓለም አቀፍ የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት በታዳጊ አገሮች ላሉ ሴት ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለ ፌሎሺፕ ይሰጣል። ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ከሆነ ደግሞ ጣሊያን ትሪየስት ያለው አይሲቲፒ (ICTP) የሚባል የፊዚክስና የሒሳብ ምርምር ማዕከል አለ። የአገር ውስጡም አይናቅ። እዚሁ አጠገባችን ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያስተምራል።

እኔ እንኳን አርጅቻለሁ፤ 44 ዓመቴ ነው።

ጋሼ፣ ብዙዎቹ የሚቆጥሩት ዕድሜዎን ሳይሆን የመጨረሻ ዲግሪዎን ካገኙ ስንት ዓመት እንደሆነ ነው። ዳድ (DAAD) የሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕ ሰጪ ድርጅት ለምሳሌ 6 ዓመት እንዳያልፍ ይፈልጋል። ማስተርስዎን መቼ ጨረሱ? ዓምና ከሆነ ዛሬውኑ ይጀምሩ።

አንድ ሰው 30,000 ብር ክፈልና አስገባሃለሁ አለኝ።

አምስት ሳንቲም እንዳትሰጠው። የማመልከቻ ክፍያ ካለ የሚከፈለው ለዩኒቨርሲቲው ነው። እሱንም ቢሆን እንዲያነሱልህ መጠየቅ ትችላለህ፤ አሜሪካ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይፈቅዳሉ።

መምህሬ ሪከመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ሊጽፍልኝ እሺ ብሎኝ ቀኑ አለፈብኝ።

እኔም ደርሶብኛል፤ አንድ ዓመት ሙሉ አቃጥሎኛል። ሲቪህን፣ የቴሲስህን ርዕስ፣ አብረሃቸው የሠራኸውን በግማሽ ገጽ ጽፈህ ከወር በፊት ስጣቸው። ሁለት ሳምንት ሲቀር ቢሯቸው ሂድ፤ በስልክ ብቻ አትመን። ሦስት ደብዳቤ ከጠየቁህ ለአራት ሰው ንገር። የአሜሪካኖቹ ቀነ ገደብ አብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ መምህራኑን በነሐሴ አናግራቸው።